በምግብ ዕቃ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይገባል

ገበያ ከጥንት ጀምሮ የመተማመን ቦታ ነው። ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ቆመው ሲነጋገሩ የሚለካው እህሉ ብቻ ሳይሆን ቃላቸውም አብሮ ይለካል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ወደ ገበያ ሲወጡ ቅቤውን አሽትተው፤ ማሩን በጣታቸው ጫፍ ቀምሰው፤ ጤፉን በመዳፋቸው ላይ አድርገው እፍ ብለው፤ ቡናውን በጥርሳቸው ሰብረው ይገዙ ነበር። ሻጩም የማን ልጅ እንደ ሆነና ከወዴት እንደ መጣ የታወቀ ስለ ነበረ፤ ያታለለ እንደ ሆነ በሚመጣው የገበያ ቀን ፊቱን ለማሳየት ያፍር ነበር። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል እንደ ተባለው፤ የገዢው ዓይንና አፍንጫ ዳኞች፤ የሻጩ ኀፍረት ደግሞ ዋስ ሆኖ ይኖር ነበር።

ዛሬ ግን የምንበላው ነገር ሁሉ ከምናውቀው ሰው እጅ የሚመጣ አይደለም። ዘይቱ ባሕር ተሻግሮ፤ ጨው ከአፋር በረሓ ተነሥቶ፤ የዱቄት ወተቱ ከባሕር ማዶ፤ መኰረኒውና ብስኩቱ ከሩቅ ከተማ ፋብሪካ ተጭኖ፤ በቆርቆሮ፣ በላስቲክና በካርቶን ታሽጎ ይደርሰናል። የታሸገውን ነገር ማሽተትና መቅመስ አይቻልም። ባለሱቁም የሚሸጠው እርሱ ራሱ ያልሠራውንና ሲሠራም ያላየውን ነው። ስለዚህ በዕቃው ላይ የተለጠፈው ገላጭ ጽሕፈት፤ በሩቅ አገር ያለ ሠሪ ለማያውቀው ገዢ የላከው ደብዳቤ ነው ማለት ይቻላል። ደብዳቤ ደርሶት ሳይከፍት የሚጥል ሰው የለም። ገንዘቡን ከፍሎ የገዛውን ምግብ ጽሕፈት ሳይመለከት ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ግን እጅግ ብዙ ነው፤ የሚያየው ሥዕሉንና ቀለሙን ብቻ ነውና።

ይህን ነገር በቴፒ ከተማ ምሳሌነት ለመናገር የወደድነው ያለ ምክንያት አይደለም። በሸካ ዞን በየኪ ወረዳ የምትገኘው ቴፒ፤ ከሚዛን ተፈሪና ከቦንጋ ጋራ የደቡብ ምዕራብ የቡና አገር ከምንላቸው ስፍራዎች አንዲቱ ናት። ከጫካው ጥላ ሥር ቡናና ኮረሪማ፤ ከጓሮው ቁንዶ በርበሬ፣ እርድና ዝንጅብል፤ ከዛፉ ላይ ከተሰቀለው ቀፎ ማር ይወጣል። ይህ ሁሉ በመኪና ተጭኖ ወደ አዲስ አበባና ወደ ባሕር ማዶ ይሄዳል። ያው መኪና ሲመለስ ደግሞ ዘይት፣ ጨው፣ ስኳር፣ ፓስታና የዱቄት ወተት ይዞ ይመጣል። እንግዲህ የቴፒ ሰው በአንድ እጁ ሻጭ፤ በሌላው እጁ ገዢ ነው። ገላጭ ጽሕፈትን ማወቅ ለእርሱ ሁለት ጊዜ ይጠቅመዋል፤ በገዛው ዕቃ እንዳይታለል፤ በሸጠውም ዕቃ ዋጋውን እንዳያጣ።

ከሁሉ አስቀድሞ የቀኑን ነገር እንመልከት፤ በአገራችን ከማናቸውም ይልቅ ሰውን የሚያስተው ይህ ነውና። ከውጭ አገር በሚመጣ ዕቃ ላይ የተሠራበትና የሚያበቃበት ቀን የሚጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የእኛ ዘመን ግን ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ እስከ አውሮፓውያን አዲስ ዓመት ድረስ በ7 ዓመት፤ ከዚያም እስከ ጳጉሜን ፍጻሜ በ8 ዓመት ያንሳል። አንዲት እናት በጥር ወር 2018 ዓ.ም. ለሕፃንዋ የዱቄት ወተት ልትገዛ ወደ ሱቅ ገባች እንበል። በቆርቆሮው ግርጌ የሚያበቃበት ጊዜ 05/2025 ተብሎ ተጽፏል። እርስዋም በምታውቀው አቆጣጠር አስባ ገና 7 ዓመት ይቀረዋል ብላ ደስ ብሏት ትገዛለች። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2025 ግንቦት ማለት በእኛ 2017 ዓ.ም. ስለ ሆነ፤ ወተቱ ጊዜው ካለፈበት 8 ወር ያህል ሆኖታል። ይህች እናት ማንበብ አላቃታትም፤ ቍጥሩንም አልሳተችም። የሳተችው የማን ቍጥር እንደ ሆነ መጠየቅን ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ግን መናገር የማይችለው ሕፃን ነው።

ወርና ቀኑም እንዲሁ ማስተዋልን ይሻል። አሜሪካኖች ወሩን አስቀድመው ቀኑን ያስከትላሉ፤ አያሌዎቹ የአውሮፓ አገሮች ግን ቀኑን ያስቀድማሉ። ስለዚህ 03/04/2026 ተብሎ የተጻፈውን አንዱ መጋቢት 25 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው ሲል፤ ሌላው የካቲት 25 ቀን ነው ይላል። ዕቃው የመጣበትን አገር አይቶ መፍረድ ነው፤ ያጠራጠረ እንደ ሆነ ግን ቅርቡን ቀን መያዝ ይሻላል። ደግሞም ሁለት ዓይነት የመጨረሻ ቀን እንዳለ ማወቅ ይገባል። አንዱ እስከዚህ ቀን ቢበሉት ይመረጣል የሚል ሲሆን ስለ ጣዕሙና ስለ ጥራቱ የተነገረ ነው፤ በዚህ በኩል ጥቂት ቀን ያለፈበት ደረቅ ብስኩት ሰው አይገድልም። ሁለተኛው ከዚህ ቀን በኋላ አይብሉት የሚል ሲሆን፤ እንደ ወተትና እንደ ሥጋ ቶሎ ለሚበላሽ ምግብ የተነገረ የጤና ማስጠንቀቂያ ነውና የሚተላለፉት አይደለም። ቀኑ የተፋቀ፤ ወይም በአሮጌው ላይ ሌላ ወረቀት የተለጠፈበት ዕቃ ከሆነ ግን ክርክር አያስፈልገውም፤ መልሶ ማስቀመጥ ነው።

ሁለተኛው ነገር ምግቡ ከምን እንደ ተሠራ የሚናገረው ክፍል ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ከዓለም የጤና ድርጅት ጋራ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. ያቋቋሙት፤ ኮዴክስ የተባለው ጉባኤ ባወጣው ደንብ መሠረት፤ በምግቡ ውስጥ የገቡት ነገሮች የሚዘረዘሩት በክብደታቸው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የተጻፈው ከሁሉ የበዛው ነው፤ መጨረሻ የተጻፈውም ከሁሉ ያነሰው ነው። ይህን ትንሽ ሕግ ያወቀ ሰው ብዙ አይታለልም። በፊት ለፊቱ የማንጎ ሥዕል ያለበት መጠጥ በጀርባው ላይ ውሃ፣ ስኳር፣ ከዚያም ጥቂት የማንጎ ጭማቂ ብሎ ከጻፈ፤ የተሸጠልን በስኳር የጣፈጠ ውሃ ነው። ስለዚህ የዕቃው ፊት የነጋዴውን ፍላጎት፤ ጀርባው ደግሞ እውነቱን ይናገራል ብንል ብዙ ጊዜ አንሳሳትም።

አንዳንድ ጊዜም ሐሰት ያልሆነ ነገር ለማታለያ ይውላል። ኮሌስትሮል የሌለው ተብሎ በትልቅ ፊደል የተጻፈበት ዘይት በየሱቁ ይታያል። ነገር ግን ኮሌስትሮል የሚገኘው ከእንስሳ በሚመጣ ምግብ እንጂ፤ በአትክልት ዘይት ውስጥስ በማናቸውም ቢሆን ለቍጥር የሚበቃ የለም። እንግዲህ ይህ ሙገሳ ውሃን አጥንት የሌለው ብሎ እንደ ማመስገን ነው። ገዢው ሊመለከት የሚገባው ዘይቱ ከምን እንደ ተጨመቀ ነው። የፓልም ዘይት ከሆነ ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ስለ ሆነ፤ ከኑግና ከሱፍ ዘይት ይልቅ ለልብና ለደም ሥር የማይመች መሆኑን አውቆ በልክ ሊጠቀምበት ይገባል።

ስለ ጨው ግን በቴፒና በአካባቢዋ ለሚኖር ሕዝብ ከሌላው ሁሉ አብልጦ መናገር ያስፈልጋል። ዝናብ በሚበዛበት ደጋና ወይና ደጋ አዮዲን የተባለው ንጥረ ነገር ከአፈሩ ታጥቦ ስለሚሄድ፤ በዚያ መሬት የሚበቅለው ምግብ አዮዲን ያንሰዋል። ከዚህ የተነሣ በሰው አንገት ላይ እንቅርት ይወጣል፤ ከእንቅርቱም የሚከፋው በእናቱ ማሕፀን ያለ ሕፃን አእምሮው ሳይጎለምስ መቅረቱ ነው። ስለዚህ ለሰው ምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ቁጥር 204 በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል። አዮዲን ያለው ብሎ የተጻፈውን ጨው መምረጥ ዋጋው ትንሽ፤ ጥቅሙ ግን ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነው። ይሁን እንጂ አዮዲን ፀሐይ፣ ሙቀትና እርጥበት ያጠፉታል። ስለዚህ በክፍት ከረጢት በፀሐይ ላይ የዋለውን ትቶ የታሸገውን መግዛት፤ በቤትም ክዳን ባለው ዕቃ ከምድጃው አርቆ ማስቀመጥ፤ ወጡም ሊወርድ ሲል መጨመር መልካም ነው። ጽሕፈቱ እውነት የሚሆነው እኛም የበኩላችንን ስናደርግ ነው።

አሁን ደግሞ በዚህ ዘመን ከሁሉ ይልቅ ወደሚነገረው፤ ኦርጋኒክ ወደ ተባለው ቃል እንምጣ። ተፈጥሯዊ፣ ንጹሕ፣ የአገር ቤት፣ ልዩ ጥራት የሚሉት ቃላት የሙገሳ ቃላት ናቸው፤ ማንም ቢጽፋቸው መስካሪ አይጠየቅባቸውም። ኦርጋኒክ የሚለው ግን በሕግ የተወሰነ ትርጉም አለው። በአገራችንም የኢትዮጵያ ኦርጋኒክ እርሻ ሥርዓት ዐዋጅ ቁጥር 488 በ1998 ዓ.ም. ወጥቷል። ትርጉሙም ባጭሩ ይህ ነው፤ እህሉ ወይም ቡናው ሲበቅል የፋብሪካ ማዳበሪያ፣ የአረምና የተባይ መርዝ አልነካውም፤ መሬቱ የሚለማው በፍግ፣ በብስባሽና በዛፍ ጥላ ነው፤ ይህንንም የማይዛመድ ሌላ ወገን መርምሮ መስክሯል ማለት ነው። እንደ ቡና ላለ ለብዙ ዓመት ለሚቆም ተክል የተከለከለው ነገር ሳይነካው 3 ዓመት መቆየት አለበት። ከዚያም በኋላ መርማሪ በየዓመቱ እየመጣ ይመለከታል።

ስለዚህ ገዢው ኦርጋኒክ የሚለውን ቃል ሲያይ፤ ማን መሰከረ ብሎ መጠየቅ አለበት። በአውሮፓ ኅብረት ገበያ የሚሸጠው ዕቃ በአረንጓዴ መደብ ላይ ነጫጭ ኮከቦች ቅጠል የሠሩበት ምልክት አለው፤ ከአጠገቡም የመስካሪው ድርጅት መለያ ቍጥርና ሰብሉ የበቀለበት ስፍራ ይጻፋል። በአሜሪካ ደግሞ የእርሻ ሚኒስቴራቸው ክብ ማኅተም አለ፤ ይህም የሚሰጠው ከውሃና ከጨው በቀር ከምግቡ 95 ከመቶው ኦርጋኒክ ሲሆን ነው። 70 ከመቶው ብቻ ከሆነ ኦርጋኒክ ከሆኑ ነገሮች የተሠራ ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ማኅተሙን ግን ማድረግ አይፈቀድም። ቃሉ ኖሮ መስካሪው ከሌለ፤ ዳኛ ያልሰማው ምስክርነት ነውና ተጨማሪ ዋጋ ሊከፈልበት አይገባም።

ይሁን እንጂ ቃሉ ከሚናገረው በላይ ልናሸክመው አይገባም። ኦርጋኒክ ማለት ከሌላው ይልቅ ሰውነትን የሚያጠነክር ማለት አይደለም። ኦርጋኒክ ስኳርም ስኳር ነው። በንጹሕ እጅ ተሠርቷል ማለትም አይደለም። ገበሬው ተገቢውን ዋጋ አግኝቷል ማለትም አይደለም፤ ስለዚህ ነገር የሚናገሩት ሌሎች ምልክቶች ናቸው። ፌርትሬድ የተባለው ምልክት የሚመለከተው የዋጋውን ዝቅተኛ ወሰንና ለገበሬዎቹ ማኅበር የሚሰጠውን ጭማሪ ገንዘብ ነው። የእንቁራሪት ሥዕል ያለበት የሬንፎረስት አላያንስ ምልክት ደግሞ የሚመለከተው የደኑን መጠበቅና የሠራተኞቹን አያያዝ ነው፤ የእርሻ መድኀኒትን ሁሉ ግን አይከለክልም። እያንዳንዱ ምልክት ለአንድ ጥያቄ ብቻ መልስ ይሰጣል፤ ላልተጠየቀው ግን ዝም ይላል።

እዚህ ላይ የቴፒ ገበሬ እንዲህ ሊለን ይችላል። አባቴም እኔም በቡናዬ ላይ መርዝ ረጭተን አናውቅም፤ ቡናው የበቀለው ከጫካው ዛፍ ሥር ነው፤ የሚያዳብረውም የወደቀው ቅጠል ነው፤ ታዲያ ኦርጋኒክ ከዚህ የበለጠ ምን አለ? ይህ እውነተኛ ቃል ነው። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም.፤ የሸካ ደን በ2004 ዓ.ም.፤ የማጃንግ ደን በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆነው የተመዘገቡት፤ ሕዝቡ ደኑን ሳያጠፋ ከደኑ ጋራ መኖሩን ዓለም ስላየ ነው። ነገር ግን እውነት በልብ ብቻ ተይዞ የሚቀር ከሆነ ከአገር ወጥቶ ገበያ ላይ አይመሰክርም። በሐምቡርግ ወይም በቶኪዮ የሚገኘው ገዢ የገበሬውን ልብ አያውቅም፤ የሚያውቀው በጆንያው ላይ ያለውን ጽሕፈት፤ ከጽሕፈቱም ጀርባ ያለውን መዝገብ ብቻ ነው።

ጉድለቱም ያለው ከዚህ ላይ ነው። ለአንድ ገበሬ ብቻውን መርማሪ አስመጥቶ የምስክር ወረቀት ማውጣት ወጪው የሚቻል አይደለም። ስለዚህ መንገዱ በማኅበር መሰብሰብ ነው። ማኅበሩ የአባላቱን ስም፣ የመሬታቸውን ስፋትና የሚጠበቀውን ምርት ይመዘግባል፤ የራሱንም ተቆጣጣሪ አቁሞ እያንዳንዱን ማሳ ያያል። መስካሪው ድርጅት ይህን መዝገብ መርምሮ ከማሳዎቹ የተወሰኑትን ራሱ ይመለከታል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2022 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ደግሞ እንዲህ ያለው ቡድን ከ2 ሺህ አባል እንዳይበልጥና በሕግ የታወቀ ማኅበር እንዲሆን ታዝዟል። እንግዲህ በዚህ ሥራ የአንዱ ጥፋት የሁሉ ጥፋት ነው። አንድ አባል በድብቅ የአረም መርዝ ቢረጭ፤ ወይም ማዳበሪያ በነበረበት ጆንያ ቡናውን ቢያስቀምጥ፤ ወይም ከማኅበሩ ውጭ ካለ ዘመዱ ቡና ተቀብሎ በራሱ ስም ቢያስረክብ፤ የጎረቤቶቹን የ3 ዓመት ድካም በአንድ ቀን ያጠፋዋል። እንደዚሁም ሁሉ ጥቂት ገንዘብ ቀድሞ ለሚሰጠው ሰብሳቢ ቡናውን በመንገድ ዳር የሸጠ አባል፤ ቡናው ምንም ጥሩ ቢሆን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ምስክርነቱን አጥቶ ስም የለሽ ቡና ይሆናል።

ስም ገንዘብ መሆኑን አገራችን ከዚህ ቀደም በታላቅ ክርክር ተምራለች። መንግሥት በ1997 ዓ.ም. ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ባመለከተ ጊዜ፤ የዚያ አገር የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመው፤ ስታርባክስ ከተባለው ታላቅ ኩባንያ ጋራም ክርክር ተነሣ። ነገሩ በ1999 ዓ.ም. በስምምነት አልቆ ኩባንያው የስሞቹን ባለቤትነት የሚመለከት ውል ፈረመ። የሦስት ስፍራዎች ስም ከባሕር ማዶ የመንግሥት ክርክር የሚገባው ሀብት ከሆነ፤ የቴፒ፣ የበበቃና የካፋ ስምስ ለምን እንዲሁ አይሆንም? ደግሞ በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ተቋቁሞ በ2001 ዓ.ም. የቡና ንግድ ወደ እርሱ በገባ ጊዜ፤ ክፍያው ፈጠነ፤ የዋጋውም ወሬ ለሁሉ ደረሰ፤ ነገር ግን ቡናው በአካባቢና በደረጃ እየተለየ በአንድነት ስለሚከማች የአንዱን ቀበሌ ቡና ከሌላው ለይቶ ማወቅ ችግር ሆኖ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሕጉ ተሻሽሎ የመጣበትን ስፍራ ሳያጠፉ በቀጥታ የሚሸጡበት መንገድ ተከፍቷል። መንገዱ ሲከፈት ግን የሚሄድበት ሰው ያስፈልጋል፤ መዝገብ የሌለው ደግሞ ሊሄድበት አይችልም።

ከሌላው እውነተኛ ጽሕፈት የምንፈልግ እኛ፤ በራሳችን ዕቃ ላይ እውነተኞች ነን ወይ? ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ ማለፍ ራስን መሸንገል ነው። በርበሬ ውስጥ የሸክላ ጡብ ዱቄት፤ ቅቤ ውስጥ ሙዝ፤ ማር ውስጥ ስኳር፤ የእንጀራ ዱቄት ውስጥ ጀሶ እየቀላቀሉ የሚሸጡ ሰዎች በየጊዜው ሲያዙ እንሰማለን። ይህን የሚያደርግ ሰው ሌባ ብቻ አይደለም። ሌባ የሚወስደው ገንዘብ ነው፤ ይህኛው ግን ገንዘብም ጤናም ወስዶ፤ የሐቀኛውን ጎረቤቱን ስም ደግሞ ጨምሮ ይወስዳል።

በዚህ ነገር ከሌላ አገር የሚገኘው ትምህርት በተለይ ለእርድ አምራቾች ይጠቅማል። በባንግላዴሽ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት ታላቅ ጎርፍ ደርሶ እርዱ በእርጥበት ስለ ጠቆረ፤ ነጋዴዎች መልኩን ለማሳመር ከእርሳስ የተሠራ ቢጫ ቀለም ይቀቡት ጀመር፤ ጎርፉም ካለፈ በኋላ ልማዱ ሳይተው ቆየ። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። በዚያው አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. ሊቃውንት ነገሩን መርምረው ገለጡት፤ ከገበያ ከተወሰደው እርድ ውስጥ 47 ከመቶው ቀለሙ ተገኘበት። መንግሥት ሕዝቡን አስጠነቀቀ፤ ገበያውን መረመረ፤ ያጠፉትንም ቀጣ። በ2021 ዓ.ም. እንደ ገና ሲመረመር ቀለሙ ያለበት እርድ አልተገኘም። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፤ ማታለል ልማድ ሆኖ 30 ዓመት ቢኖርም በ2 ዓመት ሊጠፋ የሚችል መሆኑን ነው። ሁለተኛው፤ ገዢ ከሁሉ ይልቅ ደማቁን ቀለም ሲመርጥ ሻጩን ወደ ኀጢአት የሚገፋ መሆኑን ነው። ስለዚህ ደብዘዝ ያለው የቴፒ እርድ ንጹሕ ከሆነ፤ ደብዛዛነቱ ማፈሪያ ሳይሆን መመስገኛው ነው።

ይህን ሁሉ የሰማ አንዳንድ ሰው፤ ይህ የሀብታም ነገር ነው፤ ድኻ ያገኘውን ይገዛል እንጂ ምን ያማርጣል ሊል ይችላል። አሳቡን አንንቅም። ለአንድ ወር የቤት ወጪ የሚጨነቅ ሰው ከባሕር ማዶ የመጣ ባለማኅተም ምግብ በእጥፍ ዋጋ ይግዛ የምንል አይደለንም። እንዲያውም የቴፒ ሰው በጓሮው ካለው ሙዝ፣ አቮካዶና ጎደሬ፤ ከጎረቤቱም ከሚገዛው ማርና እንቁላል የበለጠ ምስክር ወረቀት አያስፈልገውም፤ ዓይኑና ጉርብትናው ይበቁታል። ነገር ግን ጊዜው ያለፈበት ወተት ለድኻ ልጅ አይራራለትም። ስኳር የበዛበት ውሃ በጭማቂ ዋጋ ሲሸጥ ይበልጥ የሚጎዳው ገንዘቡ ትንሽ የሆነው ሰው ነው። ስለዚህ ማንበብ የድኻ ጋሻ ነው እንጂ የሀብታም ጌጥ አይደለም፤ ለማንበብም ገንዘብ አይከፈልበትም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ገዢ የሆነ ሁሉ ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት አምስት ነገር ይመልከት፤ የሚያበቃበትን ቀንና አቆጣጠሩን፤ በውስጡ ያሉትን ነገሮች ቅደም ተከተል፤ የተጣራውን ክብደት፤ የሠሪውን ወይም የአስመጪውን ስምና አድራሻ፤ ስለ ተጻፈውም ሙገሳ የመሰከረውን ወገን። ማንበብ ያልተማረች እናት ልጅዋን ይዛ ወደ ሱቅ ትሂድ፤ ተማሪው ልጅም የተማረውን ፊደል ከሁሉ አስቀድሞ ለእናቱ ማእድ ያውለው። መምህራን ስለ ዘመን አቆጣጠር ሲያስተምሩ ባዶ ቆርቆሮና ካርቶን ይዘው ቢገቡ፤ ልጆቹ ሒሳቡንም ጤናንም ባንድነት ይማሩ ነበር።

ባለሱቅም ጊዜው ያለፈበትን ዕቃ ከመደርደሪያው ላይ ማንሣት ለእርሱ ኪሳራ መስሎ አይታየው፤ ደንበኛ ማጣት ከዚያ የከፋ ኪሳራ ነውና። አስመጪዎችና ፋብሪካዎች በትንሽ ፊደልና በባዕድ ቋንቋ ብቻ የሚጽፉትን ትተው፤ በአማርኛና በየአካባቢው ሕዝብ ቋንቋ፤ ቀኑንም በሁለቱ አቆጣጠር ቢጽፉ ብዙ ስሕተት ይቀር ነበር። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 813፤ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኀኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1112ም የምግብን ደኅንነት የሚቆጣጠር ባለሥልጣን እንዲኖር አድርጓል። ዐዋጅ ግን በመሶብ አጠገብ ቆሞ አይጠብቅም። ቁጥጥሩ ከአዲስ አበባ መደብሮች አልፎ እስከ ቴፒና እስከ ሚዛን ትንንሽ ሱቆች ድረስ ይደርስ ዘንድ፤ ሹማምንቱ መትጋት፤ ሕዝቡም ያየውን መናገር አለበት። ዝም ያለ ገዢ የአታላይ ነጋዴ ረዳት ነው።

የቡና ገበሬዎችም በበኩላቸው መዝገብ መያዝን እንደ ጸሐፊ ሥራ ብቻ አይቍጠሩት። ማረም፣ መልቀምና ማድረቅ የእርሻ ሥራ እንደ ሆነ ሁሉ መጻፍም የእርሻ ሥራ ሆኗል። ቀይ የበሰለውን ብቻ መልቀም፤ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ማድረቅ፤ በንጹሕ ጆንያ ማስቀመጥ፤ ያደረጉትንም በቀኑ ጽፎ መያዝ፤ ከዚህ የተነሣ የቴፒ ቡና በስሙ ተጠርቶ የሚሸጥበት ቀን ሩቅ አይሆንም።

ሲጠቃለል፤ ገላጭ ጽሕፈት ማለት ፊት ለፊት በማይተያዩ ሰዎች መካከል የሚላክ ቃል ነው። ቃሉን የሚጽፍ ሁሉ እናትና ሕፃን እንደሚያነቡት አስቦ ይጻፍ፤ የሚገዛም ሁሉ ቃሉን መርምሮ ይቀበል። በጫካው ጥላ ሥር ቡናውን በእውነት ያሳደገ ሕዝብ፤ እውነቱን ጽፎ መላክና የተላከለትንም አንብቦ መመርመር የቻለ እንደ ሆነ፤ ቡናውን ያለ ዋጋ ሸጦ፤ ጊዜው ያለፈበትን ወተት በዋጋ ከመግዛት ይድናል።